ከኪራይ መሥመር ወደ ሕዝብ መንገድ፦ ከቤት ሆኖ ከመሥሪያ ቤት መረብ ጋር በምሥጢር የመገናኘት አጭር ታሪክ

መግቢያ

አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ለመክፈት፥ ደብዳቤ ለማዘጋጀትና ሒሳብ ለመመርመር መቻሉ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል። ይህን ግንኙነት ከሰሚና ከተመልካች የሚጠብቀው ዘዴ በተለምዶ «ቪፒኤን» ይባላል። ስሙ የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ሲሆን፥ በአማርኛ «የግል መሰል መረብ» ብንለው ከትርጕሙ አንርቅም፤ ይኸውም መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ሳለ አካሄዱ ግን የግል መንገድ የሚመስል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘዴውን አጠቃቀም ማስተማር ሳይሆን አመጣጡን መመርመር ነው። በተለይም አንድ ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። ምሥጢርን በሕዝብ መንገድ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ዋና የሒሳብ ዕውቀት በ1976 ዓ.ም. ታትሞ ለዓለም ሁሉ ተገልጦ ነበር። ነገር ግን የቢሮ ሠራተኛው በዚህ ዕውቀት ተጠቅሞ ከቤቱ መሥራት የጀመረው 20 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ዕውቀቱ ከተገኘ ሥራው ስለ ምን ዘገየ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መሣሪያው ገና ስላልተሻሻለ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ምክንያቱ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በዋጋ፥ በሕግና በመተማመን ጭምር እንደ ነበረ ለማሳየት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. መንገዱን የመከራየት ዘመን

ኮምፒዩተር በድርጅቶች መግባት ከጀመረ በኋላ፥ በተለያዩ ከተሞች ያሉ ቅርንጫፎችን ለማገናኘት የተለመደው መንገድ ከስልክ ኩባንያ መሥመር መከራየት ነበር። ኪራዩ በወር የሚከፈል ሲሆን የሚታሰበውም በርቀቱ መጠን ነበር፤ መሥመሩ ሌሊት ሥራ ፈትቶ ቢያድርም ክፍያው አይቀነስም። በዚህ መሥመር የሚያልፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በምሥጢር የተጻፈ አልነበረም። ጥበቃው ያለው በመንገዱ ላይ ሌላ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ደኅንነት ማለት መንገዱን ለብቻ መያዝ፥ የመንገዱንም ባለቤት ማመን ነበረ። ይህንንም ማድረግ የሚችሉት ባንኮች፥ አየር መንገዶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንጂ ትንንሽ ድርጅቶች አልነበሩም።

ለአንድ ሠራተኛ ቤት መሥመር መከራየት ከቶ የማይታሰብ ስለ ሆነ፥ የቀረው ተራው የቤት ስልክ ነበር። የኮምፒዩተርን ምልክት ወደ ድምፅ፥ ድምፁንም መልሶ ወደ ምልክት የሚለውጠው ሞደም የተባለው መሣሪያ ለዚህ አገለገለ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1962 ያወጣው ቤል 103 የተባለው ሞደም በሰከንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ ይህም 30 ፊደል ያህል ነው። 2000 ፊደል ያለበት አንድ ገጽ ለማስተላለፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር ማለት ነው።

ከቤት የመሥራት አሳብ ግን መሣሪያው እስኪሻሻል አልጠበቀም። በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ችግር ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ፥ በሎስ አንጀለስ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጃክ ኒልስ ሰውን ወደ ሥራው ከማመላለስ ይልቅ ሥራውን ወደ ሰው ማምጣት ይሻላል የሚለውን አሳብ በጥናት አቀረበ፤ ለዚህም አሠራር የተለየ ስም አወጣለት። የጥናቱም መጽሐፍ በ1976 ታተመ። የምሥጢሩ ሒሳብ የታተመውም በዚያው ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ከቤት የመሥራት ፍላጎትና ይህን ፍላጎት የሚጠብቀው ዕውቀት በአንድ ዓመት በየፊናቸው ታትመው፥ ለብዙ ጊዜ ሳይተዋወቁ ቈዩ።

የስልኩ በር ደካማ መሆኑ ብዙም ሳይቈይ ታወቀ። ቍጥሩን ያወቀ ሁሉ ሊደውል ይችላልና፥ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች መልሶ የመደወልን ደንብ አወጡ፤ ይኸውም ሠራተኛው ከደወለና ስሙን ካስታወቀ በኋላ የቢሮው ሞደም ስልኩን ዘግቶ፥ አስቀድሞ ወደ ተመዘገበው የቤት ቍጥር ራሱ ይደውል ነበር። ይህን ያላደረጉት ግን ተጐዱ። በ1983 በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ ወጣቶች፥ በአካባቢያቸው የስልክ መለያ ቍጥር «414» ተብለው የታወቁት፥ ከቤታቸው በሞደም እየደወሉ ወደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ገቡ፤ ከእነዚህም መካከል የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪና በኒውዮርክ የሚገኝ የካንሰር ሆስፒታል ይገኙባቸዋል። የገቡትም በረቀቀ ጥበብ ሳይሆን፥ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ሳይለወጡ በቀሩ የይለፍ ቃላት ነበር።

2. ቁልፉ የተገኘበት ዘመን

ምሥጠራ፥ ማለትም ጽሑፍን ቁልፍ ለሌለው ሰው ትርጕም የለሽ አድርጎ መለወጥ፥ ከጥንት የታወቀ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ቁልፉን ማድረስ ነበር። ላኪና ተቀባይ አንድ ቁልፍ እንዲኖራቸው አስቀድሞ ታማኝ ሰው ይዞ መሄድ አለበት። በአገራችን ታሪክም ነገሥታትና መኳንንት ደብዳቤያቸውን በማኅተም አትመው፥ ዋናውን ጕዳይ ግን አንዳንድ ጊዜ ለታመነ መልእክተኛ በቃል ያስይዙት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ማኅተሙ ላኪውን ያሳውቃል፤ ምሥጢሩ ግን በሰው ታማኝነት ላይ ያርፋል። ሺህ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ታማኝ መልእክተኛ መላክ እንዴት ይቻላል?

ይህን ቋጠሮ የፈቱት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ናቸው። በኅዳር 1976 ባወጡት ጽሑፍ፥ ከዚያ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሁሉ በሚሰማው መንገድ እየተነጋገሩ፥ ሌላ ሰው የማያውቀው የጋራ ቁልፍ ላይ ሊደርሱ እንደሚችሉ አሳዩ። ነገሩ ሲሰሙት የማይሆን ስለሚመስል በትንሽ ቍጥር እናሳየው። ሁለቱ ሰዎች 2ንና 13ን በግልጽ ይስማሙባቸዋል። አንደኛው በልቡ 5ን ይይዛል፤ 5 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ 32 ያገኛል፤ በ13 ሲያካፍለው የሚቀረውን 6ን ይልካል። ሁለተኛው በልቡ 8ን ይይዛል፤ 8 ሁለቶችን አባዝቶ 256 ያገኛል፤ በ13 ሲያካፍለው የሚቀረውን 9ን ይልካል። ከዚህ በኋላ አንደኛው የተላከለትን 9 አምስት ጊዜ ወስዶ አባዝቶ በ13 ቢያካፍል 3 ይቀራል፤ ሁለተኛውም 6ን ስምንት ጊዜ ወስዶ አባዝቶ በ13 ቢያካፍል ያው 3 ይቀራል። በመንገድ የቆመ ሰሚ 2ን፥ 13ን፥ 6ንና 9ን ሰምቷል፤ 3 የሚለው ቁልፍ ግን በመንገዱ አላለፈም። ቍጥሮቹ እንደዚህ ትንሽ ሲሆኑ ሰሚው በሙከራ ይደርስበታል፤ በመቶ የሚቈጠሩ አኃዞች ያሏቸው ሲሆኑ ግን ወደ ኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1977፥ ሪቨስት፥ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት የላኪንም ማንነት በፊርማ ለማረጋገጥ የሚያስችል ሌላ ዘዴ አገኙ። የሚያስገርመው ግን ተመሳሳይ አሳብ በእንግሊዝ መንግሥት የምሥጢር መሥሪያ ቤት በ1970 በጄምስ ኤሊስ፥ በ1973 በክሊፎርድ ኮክስ፥ በ1974 በማልኮም ዊሊያምሰን ተደርሶበት እስከ 1997 ድረስ ተደብቆ መቈየቱ ነው። የተደበቀው ዕውቀት የሕዝብን መገናኛ አልለወጠም፤ የታተመው ግን ለወጠው። ለተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው እንላለን።

3. ሥራው ስለ ምን ዘገየ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። ለመዘግየቱ አራት ምክንያቶች እናያለን።

አንደኛው፥ የሕዝብ መንገድ የሚባለው ራሱ አልነበረም። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት በጥቅምት 1969 ሥራ ቢጀምርም የምርምር ተቋሞች መረብ ነበር። በኋላም ዋናውን መሥመር የያዘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን መረብ ለንግድ ሥራ እንዳይውል በደንብ የተከለከለ ነበር፤ ያ መሥመር ተዘግቶ ሥራው ለግል ኩባንያዎች የተላለፈው በሚያዝያ 1995 ነው።

ሁለተኛው፥ የቤት ኮምፒዩተሮች አቅም ነው። ከላይ ያየነውን ስሌት በትልልቅ ቍጥሮች መሥራት ለዚያ ዘመን መሣሪያ ከባድ ሸክም ነበር። ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ ምሥጠራን ከጦር መሣሪያ ጋር ቈጥሮ ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ይቈጣጠር ነበር። ፊል ዚመርማን በ1991 የደብዳቤ መመሥጠሪያ ሶፍትዌር በነጻ ካሠራጨ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ምርመራ ተደርጎበት፥ ክስ ሳይመሠረትበት በጥር 1996 ፋይሉ ተዘጋ። ምሥጠራ ከጦር መሣሪያ ዝርዝር ወጥቶ ወደ ንግድ ሚኒስቴር ቍጥጥር የተዛወረው በ1996 መጨረሻ ሲሆን፥ ደንቡ በሰፊው የላላው በ2000 ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ጠንካራውን ቁልፍ ለሁሉም ቅርንጫፍ ማዳረስ አይችልም ነበር።

አራተኛው የሰው ጠባይ ነው፤ ጕዳት ካልታየ ጥበቃ አይፈለግም። በየካቲት 1994 ሰርት የተባለው የኮምፒዩተር አደጋ ተከታታይ ማዕከል፥ ሰርጎ ገቦች በመረቡ ላይ ተደብቀው የይለፍ ቃላትን ሲቀዱ መቈየታቸውን፥ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች መግቢያም በእጃቸው መግባቱን አስታወቀ። በዚያ ዘመን ከሩቅ የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን የሚልከው ባልተመሠጠረ ጽሑፍ ስለ ነበር፥ በመንገድ የቆመ ሁሉ ያነበው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በፊንላንድ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ታቱ ኢሎነን በራሱ መረብ ላይ እንዲህ ያለ ስርቆት ስለ ደረሰ፥ ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር በምሥጠራ የሚያገናኘውን ኤስኤስኤች የተባለውን ሶፍትዌር ጽፎ አሠራጨ። እንግዲህ ከ1994 እስከ 1996 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ መንገዱ ተከፈተ፥ ሕጉ ላላ፥ ጕዳቱ ታየ። ዘዴውም የተወለደው በእነዚህ ዓመታት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

4. ደብዳቤ በፖስታ ውስጥ፥ ፖስታም በፖስታ ውስጥ

የአሠራሩ መሠረት እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚሄድ ጽሑፍ ሁሉ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ፥ በእያንዳንዱ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፍበታል። የቪፒኤን ሶፍትዌር ለመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ክፍል የተጻፈውን ጥቅል ከነአድራሻው ይመሠጥረዋል፤ ከዚያም በሌላ ፖስታ ከትቶ በላዩ የመሥሪያ ቤቱን የበር አድራሻ ብቻ ይጽፍበታል። በመንገድ ያለ ሰው ከአንድ ቤት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ፖስታ መሄዱን ያያል፤ ውስጡ ምን እንደ ሆነ፥ በግቢው ውስጥም ለማን እንደ ተላከ አያውቅም። በበሩ ያለው ሰርቨር የላኪውን ማንነት አረጋግጦ የውጭውን ፖስታ ቀድዶ የውስጡን ወደ ባለቤቱ ያደርሰዋል። ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ኮምፒዩተሩ በቢሮው ግቢ ውስጥ እንዳለ ይቈጠራል።

በዚህ አቅጣጫ በ1993 ጆን ዮዋኒዲስና ማት ብሌዝ ስዋይፕ የተባለውን ሙከራ አቀረቡ። በነሐሴ 1995 አይፒሴክ የተባለው የጋራ ደንብ የመጀመሪያ ጽሑፎች ወጡ፤ በኅዳር 1998 ታርመው ደግመው ወጡ። በ1996 ማይክሮሶፍትና ሌሎች ኩባንያዎች ፒፒቲፒ የተባለውን ደንብ ይዘው ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ውስጥም ስለ ገባ፥ ትንሽ መሥሪያ ቤት እንኳ ያለ ተጨማሪ ግዢ ሊጠቀምበት ቻለ። የወርኃዊ ኪራይን ሸክም ያቀለለው ይህ ነው። ቀድሞ የባለጸጎች የነበረው የግል መንገድ ተራ የኢንተርኔት ክፍያ ለሚችል ሁሉ ተከፈተ።

ነገር ግን የተስፋፋውና የጠነከረው አንድ አልነበረም። በ1998 ብሩስ ሽናየርና መጅ በሚል ስም የታወቀው ተመራማሪ የማይክሮሶፍትን ፒፒቲፒ መርምረው ከባድ ጕድለቶች እንዳሉበት አሳተሙ። በ2012 ደግሞ የዚህ ደንብ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሰበር እንደሚችል በይፋ ታየ። እንዲህም ሆኖ ዘዴው ስለ ቀለለ ብቻ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ቈየ።

ከዚህ ወዲያ የመጡት ሁለት ሥራዎች በግለሰብ ችግር የተጀመሩ ናቸው። ጄምስ ዮናን በመካከለኛው እስያ ሲጓዝ፥ በማያምናቸው አገሮች መሥመር ከቢሮው ጋር መገናኘት ስላሳሰበው በ2001 ኦፕንቪፒኤንን ጽፎ ምንጩን ለሁሉ ክፍት አደረገ። ጄሰን ዶንንፌልድ ደግሞ የቀድሞዎቹ ዘዴዎች ውስብስብነት ለስሕተት እንደሚዳርግ ስላመነ፥ በ2017 ባቀረበው ጽሑፍ 4000 ያህል መሥመር ብቻ ያለውን ዋየርጋርድን ገለጸ፤ ይህም አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያነበውና ሊመረምረው የሚችለው መጠን ነው። ዋየርጋርድ በሊኑክስ 5.6 ውስጥ ገብቶ የወጣው በመጋቢት 2020 መጨረሻ፥ የዓለም ሠራተኛ ወደ ቤቱ በገባበት ወር ነው።

5. በሩ ራሱ ሲፈተን

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19ን በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ያወጀው በመጋቢት 11 ቀን 2020 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድርጅቶች የቪፒኤን ሰርቨራቸውን እንዲያድሱ፥ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጨምሩ፥ የሚሸከመውንም የሰው ብዛት አስቀድመው እንዲፈትኑ አስጠነቀቀ። በዚያው ዕለት፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ። ለጥቂት ተጓዦች የተሠራው በር በድንገት የሁሉ ሠራተኛ መግቢያ ሆነ።

ከዚያ የደረሰው አደጋ ምሥጠራው ስለ ተሰበረ አልነበረም። በግንቦት 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ነዳጅ 45 ከመቶ ያህል የሚያደርሰው የኮሎኒያል ፓይፕላይን ኩባንያ ሥራ ሲቆም፥ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ሥራ ላይ ባልነበረ፥ ነገር ግን ባልተዘጋ አንድ የቪፒኤን መግቢያ ነበር። የይለፍ ቃሉ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም አልነበረውም። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፥ መግቢያው የተመረመረው ነዳጁ ከቆመ በኋላ ነው። በጥር 2024 መጨረሻም ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአንድ ኩባንያ የቪፒኤን መሣሪያዎችን በ48 ሰዓት ውስጥ ከመረባቸው እንዲነቅሉ አዘዘ፤ በሩ ራሱ ቀዳዳ ሆኖ ተገኝቷልና።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች አሳቡን ከሥሩ መመርመር ጀመሩ። ጕግል በ2009 ከደረሰበት ጥቃት በኋላ፥ ሠራተኛው በቢሮ ይሁን በቤት ሳይለይ ለእያንዳንዱ ሥራ ማንነቱና መሣሪያው እንደ ገና የሚጠየቅበትን አሠራር ዘርግቶ በ2014 አሳተመ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋምም በነሐሴ 2020 ይህንኑ አሳብ በመመሪያ አወጣ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን መንገዱን አመንን፤ በሁለተኛው መንገዱን ትተን በሩን አመንን፤ አሁን ደግሞ በሩን ያለፈውንም ሰው ደጋግመን እንጠይቃለን።

6. ስለ አገራችን ጥቂት ቃል

በኢትዮጵያ በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መሥመር መዘርጋት ከተጀመረ ወዲህ መንገዱ ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቈይቷል። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ሲሆን፥ ሁለተኛ ኩባንያ ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። የቪፒኤን ስም ግን በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው በቢሮ ሥራ ሳይሆን፥ ለምሳሌ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ በታገዱ ጊዜ እገዳውን ለማለፍ በመዋሉ ነው። ሁለቱን መለየት ይገባል። የመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን መድረሻው የታወቀ በር ነው፤ ከገበያ በነጻ የሚወርደው ግን ፖስታውን የሚቀድደው የማይታወቅ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራ በእንዲህ ያለው መሥራት መንገደኛን ሸሽቶ ለማያውቁት ዘበኛ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ሌላም ወሰን አለ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፥ ምንም ያህል የጠነከረ ምሥጠራ ማንንም ከመሥሪያ ቤቱ አላገናኘም። ምሥጠራ በመንገድ ላይ ይጠብቃል እንጂ መንገድ አይሠራም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ የ20 ዓመቱ መዘግየት የሒሳብ ጕድለት አልነበረም። ዕውቀቱ የሚሄድበት መንገድ እስኪከፈት፥ ሕጉ እስኪላላ፥ ጕዳቱም በገሃድ እስኪታይ ጠበቀ። ሲመጣም ትንሹን መሥሪያ ቤት ከትልቁ እኩል አደረገው፤ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዕዳም አምጥቷል። ቀድሞ የመሥሪያ ቤቱን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር፤ ዛሬ የዚያ በር አንዱ መክፈቻ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የተረሳ አንድ መግቢያ ለሚሊዮኖች የሚደርስ ነዳጅ ካቆመ፥ የጥበቃው ጕዳይ የባለሙያዎች ብቻ ሊሆን አይችልም።

ከእኛ መካከል ነገ በሆስፒታል፥ በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ብዙዎች ናቸው። የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያ በዕለቱ መዘጋቱን፥ የይለፍ ቃል ብቻውን አለመታመኑን፥ ሰርቨሩም መታደሱን የሚጠይቁ ቢሆኑ፥ ይህን ታሪክ ማጥናታችን ከንቱ አልሆነም እንላለን።